ዝርዘራ፦ የጊታር ሶሎ ከከበሮው እንዳይቀድም

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። የደጋው እህል ይወርዳል፣ የአፋሩ ግመል ይወጣል፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ አንድ መደብ ላይ ይገናኛሉ። ባለ መቶ ብር የያዘ ገዢ የአስር ብር ዕቃ ሲያነሳ ሻጯ «ዝርዝር የለህም?» ትለዋለች። ከጎን ያለው ይዘረዝርለታል። አንዱ መቶ አስር ባለ አስር ይሆናል። ወረቀቱ በዛ እንጂ ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

የሙዚቃ መምህራን «ሰብዲቪዥን» የሚሉት ነገር ከዚህ አይርቅም። አንድን ምት እኩል በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል ማለት ነው። ከበሮው «ድም» ብሎ እንደገና «ድም» እስኪል ያለው ጊዜ ለሁለት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ይከፈላል። ምቱ በደቂቃ 60 ቢሆን በየሰከንዱ አንድ ይመጣል፤ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰከንድ፣ ለአራት ሲከፈል ሩብ ሰከንድ ነው። ክፍሎቹ ቢበዙም ከበሮው አይፈጥንም። ሶሎ የሚጫወት ጊታሪስት ጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በእነዚህ ትንንሽ ክፍሎች ላይ ነው።

ለዚህ ቃል በአማርኛ «ዝርዘራ» ማለት ይበጃል። «መረመረ» ብሎ «ምርመራ» እንደሚባለው፣ «ዘረዘረ» ብሎ «ዝርዘራ»። ሌሎች አማራጮች አልጠፉም። «ክፍፍል» ግን ጆሮ ላይ የሰዎችን መለያየት ያመጣል። «ክፍልፋይ»ን የሒሳብ መጽሐፍ ይዞታል፣ «ምንዛሪ»ን ደግሞ ባንክ። «ሽንሸና» ቅርብ ነው፤ ሆኖም የተሸነሸነ መሬት ሁሉ እኩል አይደለም፣ ምት ግን እኩል ካልተከፈለ ፈረሰ ማለት ነው። «ዝርዘራ» የጠቅላላውን አለመለወጥ በውስጡ ይዟል። ከዚያም በላይ ግሥ አለው። መምህሩ በልምምድ መሀል ተማሪውን «ዘርዝረው» ሊለው ይችላል፤ ተማሪውም ምን እንደተባለ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አይፈልግም። «ዝርዝር» የሚለው ቃል የስምና የዕቃ ዝርዝርም ማለት ስለሆነ፣ ድርጊቱን «ዝርዘራ» ብሎ መለየቱ ግርታውን ያስቀራል።

ቃሉ ከባቲና ከከሚሴ አካባቢ ምሳሌ ቢነሳለት አግባብ ነው። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ያቋርጣታል። ባቲም በዚሁ ዞን ናት። ከአራቱ ታዋቂ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ አንዱ ስሟን ይዟል። ይህ ለጊታር ተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። ባቲ ማይነር የሚባለው ቅኝት ከላ ሲጀመር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች በመላው ዓለም የሮክና የብሉዝ ሶሎ ጀማሪ በመጀመሪያ የሚማራቸው ራሳቸው ናቸው። በጊታሩ አንገት ላይ አምስተኛው ፍሬት ላይ እጁን ቢያሳርፍ ሁሉንም ያገኛቸዋል። በክራር ሲሰማው ያደገው ቅኝትና ከስልክ ላይ የሚማረው የሮክ ትምህርት አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ድምፁ ይገናኛል፤ ምቱ ግን ይለያያል። ሶሎው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የሮክ ትምህርት በአመዛኙ በአራት ምት የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ምት ለሁለት ወይም ለአራት ይዘረዘራል። የአገራችን ባንዶች «ችክችካ» የሚሉት ስልት ግን የሚሄደው በስድስት ነው። ተማሪው በአራት የተማረውን የጣት ሩጫ እንዳለ አምጥቶ ችክችካ ላይ ሲያስቀምጠው ድምፆቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ሙዚቃው ይንገዳገዳል። ብዙዎች ጥፋቱን ቅኝት ውስጥ ይፈልጉታል። ቅኝቱ ምንም አልሆነም፤ ዝርዘራው ነው የተሳሳተው።

የስድስቱን ነገር እንደገና በገንዘብ ማየት ይቻላል። ስድስት ባለ አስር ብር ጠረጴዛ ላይ ይደርደር። ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታ ማስቀመጥም ይቻላል። ያም ሆነ ይህ ስልሳ ብር ነው። በስድስት የሚሄድ ሙዚቃ ውበቱ እነዚህ ሁለት አደራደሮች በአንድ ጊዜ መሰማታቸው ነው፤ አንዱ እጅ ሁለት ሲመታ ሌላው ሦስት ይመታል። ሶሎ ተጫዋቹ ሁለቱንም ጎን ለጎን ከሰማ፣ አንዱን ሐረግ በሦስት ጀምሮ ሌላውን በሁለት ሊመልስ ይችላል። ጣት ከማፍጠን ይልቅ ይህን መስማት ይቀድማል።

ሶሎ ለምን ይሮጣል? ጣት ቀላል ቦታ ላይ ይፈጥናል፣ ከክር ወደ ክር ሲሻገር ይዘገያል። ተጫዋቹ ራሱ ይህን አይሰማውም፤ አእምሮው ቀጣዩን ድምፅ ፍለጋ ላይ ነው። ስለዚህ ዝርዘራ ከጊታር በፊት በአፍ መጀመር አለበት። የደቡብ ሕንድ ሙዚቀኞች ኮናኮል በሚባለው ጥበባቸው ምትን በቃል ይቆጥራሉ፤ ሦስት ለማለት «ታኪታ»፣ አራት ለማለት «ታካዲሚ» ይላሉ። የከሚሴ ተማሪ እነዚህን ከሕንድ መዋስ አያስፈልገውም፤ የአገሩ ስሞች ይበቁታል። በአንድ ምት ውስጥ «ባ-ቲ» ካለ ለሁለት ዘረዘረ። «ከ-ሚ-ሴ» ካለ ለሦስት፣ «ደ-ዋ-ጨ-ፋ» ካለ ለአራት። እግሩ መሬቱን በእኩል እየረገጠ፣ እጁ ሳይቸኩል፣ አፉ ከባቲ ወደ ከሚሴ፣ ከከሚሴ ወደ ደዋ ጨፋ ይሻገር። በተለይ ከሦስት ወደ አራት ሲሻገር እግሩ ካልተንቀጠቀጠ ነገሩ ገብቶታል።

ጆሮው ለዚህ ባዕድ አይደለም። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ድቤና ጭብጨባ ያጅባሉ። መንዙማ አምልኮ ነው፤ የሙዚቃ ልምምድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሆኖም ከልጅነቱ ጀምሮ በጭብጨባ የተቀበለ ሰው፣ የራሱን ድርሻ ጠብቆ መግባትንና ሲጨርስ ቦታ መልቀቅን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ሶሎም ከዚህ የተለየ አይጠይቅም። የሠርግ ቤት ከበሮም እንዲሁ ነው፤ አጨብጫቢው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ አይቆጥርም፣ ግን አይስትም።

በጊታር ለመስማት የሚፈልግ ከአይቤክስ ባንድ እስከ ሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰላም ስዩም ወልደማርያምን ጊታር ያድምጥ። አይቤክስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ላይ ያጀበ ባንድ ነው። እነዚያን ቅጂዎች የሚሰማ ተማሪ መጀመሪያ ዜማውን ይተወውና ጊታሩ ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ይቁጠር። ዝምታም ይዘረዘራል፤ ግማሽ ምት ዝም ማለትና ሲሶ ምት ዝም ማለት አንድ አይደሉም።

ለልምምዱ ሜትሮኖም ያስፈልጋል። መሣሪያውን ዲትሪኽ ቪንክል እ.ኤ.አ. በ1814 አምስተርዳም ውስጥ ሠራው፤ በቀጣዩ ዓመት ዮሐን ሜልትስል በስሙ አስመዝግቦ አሰራጨው። ዛሬ ነጻ የስልክ መተግበሪያ ሆኗል። «ምት ጠባቂ» ቢባል ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል።

ምት ጠባቂው በደቂቃ 60 ላይ ይሞላ። መጀመሪያ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ላን ብቻ፣ በከሚሴ ዝርዘራ ሦስት ሦስት ጊዜ መምታት ነው። አሰልቺ ቢመስልም ጥቂት ቀን እዚህ ላይ መቆየት ግድ ነው፤ ድምፅ መምረጥ ሲቀር ምቱ ራቁቱን ይሰማል። ከዚያ ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ አምስቱም። ቀጥሎ ምት ጠባቂው ወደ 30 ዝቅ ይልና ጊታሩ ግን በዚያው በቀድሞው ፍጥነት ይቀጥላል። አሁን የምት ጠባቂው ድምፅ የሚሰማው ከየስድስቱ የጊታር ድምፅ የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፣ የቀሩትን አምስቱን ተማሪው በራሱ ይሞላቸዋል። በስልኩ ይቅዳውና ጊታሩን አስቀምጦ ያዳምጥ። የሐረጉ የመጨረሻ ላ ከምት ጠባቂው ድምፅ ጋር አንድ ላይ ከወደቀች ቁጥሩ ወደ 33 ከፍ ይላል። ቀድማ ከወደቀች እዚያው 30 ላይ፣ አፉ «ከ-ሚ-ሴ፣ ከ-ሚ-ሴ» እያለ፣ እንደገና ይጀመራል።