የኦቾሎ ዐለትና የኦቾሎ ማዕድ

አገር ማየትና የአገሩን ምግብ መቅመስ ለታሪክ ተማሪ ትንሽ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን መንገደኛ ያየውን ብቻ ሳይሆን ሳያይ ያለፈውንም መመርመር የታሪክ ሥራ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ ለአገራቸው ሰው አሳትመው አቅርበዋል። እኛም በባዕድ አገር ተምረን የተመለስን ሰዎች ያንኑ የመንገደኛ ዐይን ወደ ገዛ አገራችን ብንመልሰው ምን እናያለን? ለዚህ ጥያቄ ኦቾሎን ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ።

ኦቾሎ በጋሞ ምድር፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በዐለታማ ኮረብታ ላይ ያለ መንደር ነው። ከዐለቱ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ሐይቁንና የስምጥ ሸለቆውን ሜዳ ቁልቁል ያያል። ጣሊያናዊው መንገደኛ ቪቶርዮ ቦተጎ በ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ይህን ሐይቅ ባየ ጊዜ በአገሩ ንግሥት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ሐይቁ ግን አስቀድሞ ስም ነበረው። ማየት ብቻውን ማወቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ማዕዱም እንዲሁ ነው። ዛሬ አርባ ምንጭ የሚደርስ እንግዳ ከጫሞና ከአባያ የወጣ ዓሣ ይበላል፤ ሙዝ ይቀርብለታል፤ ወደ ዶርዜ ቢወጣ ደግሞ ቆጮ በዳጣ ይቀምሳል። ዓሣውና ሙዙ የቆላ ናቸው፤ ገብሱና እንሰቱ የደጋ ናቸው። ደጋውና ቆላው የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ የአንዱ ምርት በገበያ ለሌላው ይደርሳል፤ ጥጡም በጋሞ ሸማኔ እጅ ጋቢ ይሆናል። እንግዳው የሚያየው ቂጣውን እንጂ፣ እንሰቱ እስኪደርስ ያለፉትን ዓመታት፣ ፍቃ፣ ቀብራና አብኩታ ለማዕድ ያበቃችውንም ሴት አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በጋሞ ልማድ ማብላት የክብር መንገድ ነበር። «ሀላቃ» ለሚባለው ማዕርግ የታጨ ሰው ለአገሩ ሰው ግብዣ ያደርግ ነበርና፣ ሀብት ክብር የሚሆነው በጎተራ ሲከማች ሳይሆን ለሕዝብ ሲከፋፈል ነው። ይሁን እንጂ የከበረ ሁሉ አዛዥ አይሆንም፤ የአገር ጉዳይ የሚመከረው «ዱቡሻ» በሚባለው የጉባኤ ሥፍራ ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ማርክ አቤሌስ ኦቾሎን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ «የፖለቲካ ሥፍራ» ማለት ነው፤ ዋና ነገሩም ይኸው ጉባኤ ነው።

ሆኖም ጉባኤውን ስናመሰግን ጉድለቱን መሸፈን አይገባንም። በቀድሞው ሥርዐት ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ እንሰቱን የፋቀችውም ሴት በጉባኤው እንደ ወንዱ የምትናገር አልነበረችም። እንግዲህ ድስቱን የሠራው እጅና ምግቡን ያዘጋጀው እጅ ከምክሩ ውጭ ነበሩ ማለት ነው።

የዱቡሻ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር መስከረም 2011 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ወር በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በተገደሉ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ፤ የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። በሣር የያዙት ኀይል በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም፤ በጉባኤ ሥፍራ ተቀምጦ መስማትን በለመደ ሕዝብ መካከል ለብዙ ትውልድ የቆየ ነው።

ስለዚህ ወደ ኦቾሎ የሚወጣ ተማሪ ሐይቁን ይይ፤ ቆጮውንም ይቅመስ። ከዚያ በኋላ ግን ማን እንዳበሰለ፣ ማን እንደ በላ፣ በጉባኤውም ማን እንደ ተናገረና ማን ዝም እንዳለ ይጠይቅ። የጠየቀ እንደ ሆነ ከመንገደኛነት ወደ ተመራማሪነት ይሻገራል።