ከባንኮኒ በስተጀርባ

ክለርክ የሚለው ቃል በእኛ አገር የባንክና የመሥሪያ ቤት ነው። በአሜሪካ ግን ከሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ሲጋራና ወተት የሚሸጠውም ልጅ በዚሁ ስም ይጠራል። የኒው ጀርሲው ተወላጅ ኬቨን ስሚዝ በ1994 ለሕዝብ ያቀረበውን ፊልም «ክለርክስ» ሲል የሰየመው ይህን ሁለተኛውን ሰው ይዞ ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቁጥሮቼ የአውሮፓውያን ናቸው።) እኔ የመጀመሪያው ዓይነት ክለርክ ነኝ። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ከአንድ ባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ አድርጋችሁ አትቁጠሩኝ።

የፊልሙን ታሪክ «ታሪክ» ማለት እንኳ ይከብዳል። ዳንቴ የተባለ ወጣት በዕረፍት ቀኑ አሠሪው ስልክ ደውሎ ወደ ሥራ ይጠራዋል። ሱቁ ሲደርስ የመዝጊያው ቁልፍ በማስቲካ ተደፍኖ ያገኘዋል፤ የብረት መዝጊያው አልነሣ ይላል። ስለዚህ ሱቁ ክፍት መሆኑን አንሶላ ላይ በጫማ ቀለም ጽፎ ይሰቅላል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ይመጣል፣ ይነዘንዛል፣ ይሄዳል። ከጎኑ ካለው የቪዲዮ ኪራይ ቤት ደግሞ ባልንጀራው ራንዳል የራሱን ደንበኞች ጥሎ እየመጣ ስለ ፊልም፣ ስለ ሴትና ስለ ሞት ይሞግተዋል። ይኸው ነው።

ከዚያ ማስቲካ በስተጀርባ ያለው እውነት ግን ከቀልዱ ይበልጣል። ስሚዝ ሊዮናርዶ በተባለች መንደር በዚያው «ክዊክ ስቶፕ» በሚባለው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ቀን ይሸጣል፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ እስከ ንጋት ድረስ ከጓደኞቹ ጋር ይቀርጻል። ፊልሙ የሚያወራው ስለ ቀን፣ ካሜራው የሚሠራው በሌሊት በመሆኑ፣ የውጭው ጨለማ እንዳይታይ መዝጊያው የግድ ወርዶ መቆየት ነበረበት። የማስቲካው ሰበብ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጥቁርና ነጭ መሆኑም ከድህነቱ የመጣ ነው፤ በቀለም ለመቅረጽ የሱቁን መብራት ማስተካከል ገንዘብ ይጠይቃልና። በ1993 በሦስት ሳምንት ገደማ ተጠናቀቀ።

ወጪው 27,575 ዶላር ነው። ስሚዝ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን የሥዕል መጽሔቶች ሸጠ፤ በጎርፍ ከጠፋ መኪና የተገኘ የኢንሹራንስ ካሳ ጨመረበት፤ የቀረውን በርካታ ክሬዲት ካርዶች እስከ ጣሪያቸው ድረስ እየሳበ ሞላው። እዚህ ላይ ሙያዬ ጣልቃ ይግባ። ካርድ ማለት ያለ መያዣ የተሰጠ፣ ወለዱ የከበደ ብድር ነው። እኛ ዘንድ ለብድር የሚመጣ ሰው ቤቱን ወይም መኪናውን ያስይዛል፤ «ሱቅ ውስጥ ስለመሰልቸት ፊልም ልሠራ ነው» ብሎ ቢመጣ ማመልከቻው ከጠረጴዛዬ አያልፍም ነበር። ፊልሙ በጥር 1994 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ተሸለመ፤ ሚራማክስ ገዛው፤ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2019 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ አሰፈረው። ንግግሩ ነውረኛ ነው፤ በቃላቱ ብቻ የተነሣ ጥብቁን የዕድሜ ገደብ ተፈርዶበት በይግባኝ ነው የተረፈ። ለእኔም ጆሮ አንዳንዱ ይከብዳል፤ ሆኖም ሐሰት አይደለም።

የእኛ ሰው ኃይሌ ገሪማ ይህን መንገድ ቀደም ብሎ ሄዶበታል፤ እርሱ ግን ቀልድ ፍለጋ አልነበረም። በ1946 ጎንደር የተወለደው ኃይሌ፣ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ በ1974 ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን ቀረጸ። ያም ጥቁርና ነጭ፣ ያም በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ ያም ሙያተኛ ተዋናይ የሌለው ነው፤ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። የዘውዱ ሥርዓት የሚያከትምበት ወቅት ነበር። በዚያ ከባድ ፊልም ውስጥ ሳቅ የሚገኘው በከበበ ዘንድ ነው፤ ዕብድ የሚሉት ከበበ፣ ባለርስቱን ማንም የማይደፍረውን ቃል ይናገረዋል፤ በመጨረሻም በዱላ ይገድለዋል። የስሚዝም ፊልም መጀመሪያ በሞት ነበር የሚያበቃው፤ ሌባ ገብቶ ዳንቴን በጥይት ይገድለዋል። ምክር ሰምቶ ቆርጦ ጣለው። ደግ አደረገ እላለሁ። የከበበ ዱላ ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ ሲነሣ የኖረ ነው፤ የዳንቴ ጥይት ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ስለ ላስታ የሚጽፍ ሰው ስለ ንጉሡና ከንጉሡ ጋር ሌሊት ስለ ወቀሩት መላእክት ይጽፋል። ይገባል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጣ ብሎ ግን መስቀል፣ ነጠላና ሥዕል የሚሸጡ ልጆች አሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረባቸው፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ መብራት ለብዙ ወራት ጠፋ። ገዢ በሌለበት ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ሎተሪ ጠዋት የጀመሩት ክርክር ለማታ ይተርፋል። ነጋዴው እየመጣ ያላወጣውን ገንዘብ ከእኔ መስኮት ይጠይቃል፤ እኔም ያልገባውን እነግረዋለሁ። ይህ ሁሉ ለግጥሜ «ከፍ ያለ» ርእስ ስላልመሰለኝ ለዓመታት ሳልፈው ኖሬአለሁ።

ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርስ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ፤ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር በ1998 ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ የቪዲዮና የመጻሕፍት ሱቅ ከፈተ። ስሚዝ ከሱቅ ወጥቶ ወደ ፊልም ሄደ፤ ኃይሌ ከፊልም ተነሥቶ ባለሱቅ ሆነ፤ ያንንም ሱቅ በፊልሙ ስም «ሳንኮፋ» አለው።