በጅዳና በመካ ወታደራዊ ሆስፒታሎች በ"አሺዓ" ክፍል መስራት፦ ከመፈረማችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

በዚህ ጽሁፍ የምናነጋግረው ብዙም የማይወራላቸውን ነው፤ ሳውዲ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰሩትን ወይም ለመስራት ወረቀታቸውን እያሰባሰቡ ያሉትን የራዲዮሎጂ ሐኪሞችና የራጅ ባለሙያዎች። "እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ምን አገባኝ?" የምትሉም አትለፉት። ወንድማችሁ ወይ እህታችሁ ተመርቀው አገር ቤት ቁጭ ብለው ይሆናል። ደግሞስ በህጋዊ መንገድ የመጣ ማን ነው ደረቱን ራጅ ሳይነሳ የመጣው? ያንን ፊልም አይቶ "ፊት" ወይም "አንፊት" ያላችሁ እኮ የዚህ ሙያ ሰው ነው።

ሙስተሽፋ አስከሪ ሲባል

አሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች ብቻ የቆመ ራሱን የቻለ መስሪያ ቤትና የራሱ ሆስፒታሎች አሏት። ሳውዲ ላይ አሰራሩ ሌላ ነው። በስራ ላይ ያለው ወታደር፣ ጡረተኛው (እነሱ "ሙተቃዒድ" ይሉታል)፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እናት አባቱ፣ ሁሉም የሚታከሙት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አገር ቤት ካለው ጋር ብታነጻጽሩት ቅርቡ አዲስ አበባ የሚገኘው፣ ለሰፈሩም ስሙን የሰጠው፣ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

በኛ አካባቢ ያሉትን ለዩ፤ አሰሪያቸው አንድ አይደለም። ጅዳ ያለው የንጉስ ፋህድ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የመከላከያ ሚኒስቴር ነው፤ ጣኢፍ ላይ ያለው የአልሃዳ ሆስፒታልም እንደዚያው። ጅዳ ያለው የንጉስ አብዱልአዚዝ ሜዲካል ሲቲ ደግሞ የብሔራዊ ዘቡ ነው። መካ ላይ ያለው የጸጥታ ኃይሎች ሆስፒታል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲሆን ታካሚዎቹ ፖሊሶችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ስለዚህ "ወታደራዊ ሆስፒታል ገባሁ" ያለ ሰው የነገራችሁ የደመወዝና የእረፍት ወሬ ለሌላው ላይሰራ ይችላል።

አንድ ነገር ሳይረሳ፦ ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ መግባት አይችልም። ክርስቲያን ባለሙያ ከሆናችሁና ኤጀንሲ ወይም ደላላ "የጸጥታ ኃይሎች ሆስፒታል" ብሎ ውል ካቀረበላችሁ፣ የስራ ቦታው ከተማ በጽሁፍ ይቀመጥ። ጅዳ ላይ ችግር የለም፤ ከጅዳ ወደ ጣኢፍ ስትሄዱም ሙስሊም ላልሆኑ መካን የሚዞር መንገድ አለ። መካ ላይ ግን ድርድር የለም። በዚህ ምክንያት ውል አፍርሶ መመለስ ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ስራው ምን ይመስላል

ሐኪሙ አብዛኛውን ቀን በጨለማ ክፍል ኮምፒውተር ፊት ነው የሚያሳልፈው። ራጅ፣ ሲቲ ስካን ("መቅጠዒያ")፣ ኤምአርአይ ("ረኒን")፣ አልትራሳውንድ ("ሶናር")፣ የጡት ምርመራ፤ ምስሉ ይመጣል፣ ሐኪሙ ያነባል፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ይጽፋል። ፊልም በእጅ ይዞ መሯሯጥ ቀርቷል፤ ምስሉ ሁሉ በኔትወርክ ነው የሚዞረው። በሽተኛውን የሚያስቀምጠውና የሚያነሳው ባለሙያ ግን ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው። ስለዚህ አረብኛ ለሐኪሙ ቢጠቅምም ለባለሙያው ግዴታ ነው። "ኹድ ነፈስ" (ሳብ አርግ)፣ "ኡክቱም" (ያዝ)፣ "ተነፈስ"፣ "ላ ተተሐረክ" (አትንቀሳቀስ)። ሽማግሌ ሲመጣ "ያ ዓም" ብሎ መጀመር የግማሹን ስራ ያቃልላል። ጡረታ የወጣ መኮንን በስሙ ብቻ ሲጠሩት ደስ አይለውም፤ የማዕረግ ነገር ከዩኒፎርም ጋር አይወልቅም።

ለሴቶች እህቶቻችን እዚህ ላይ በር አለ። የጡት ራጅና ብዙ የሶናር ምርመራ በሴት ባለሙያ እንዲሰራ ስለሚፈለግ፣ ሴት ባለሙያ ተፈላጊ ናት።

ከሁሉ በላይ ጥያቄ፦ ብረት አለ ወይ?

በወታደር ሆስፒታል የምትሰሩ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። የኤምአርአይ ማሽን ማግኔት ነው፤ ጥንካሬው ብዙ ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ደግሞ ማሽኑ ምስል ባያነሳም ማግኔቱ አይጠፋም፤ ሌሊትም፣ በበዓልም በስራ ላይ ነው። የድሮ ወታደር ሲመጣ ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንዳለ እሱም ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ማግኔት ብረትን ይስባል። የቦምብና የሞርታር ፍንጣሪ ባብዛኛው ብረት ነው። ለዓመታት ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ጠባሳ የያዘው ፍንጣሪ ጭን ወይም ክንድ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም። ዓይን ውስጥ፣ አከርካሪ አጠገብ ወይም ትልቅ የደም ስር ጎን ከሆነ ግን ትንሽ መላወስ ዓይን ያጠፋል፣ ደም ያፈሳል። ስለዚህ ዓይኑ አካባቢ ተመትቶ የሚያውቅ ሰው ወደ ኤምአርአይ ከመግባቱ በፊት የዓይን ቀዳዳውን ራጅ ይነሳል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ጥይት ላይ ደግሞ አንድ ስህተት አለ። "ጥይት እርሳስ ነው፣ ማግኔት አይስበውም" የሚባለው ለብዙ የሽጉጥ ጥይት ልክ ነው። በኛ አገር ጦርነቶች የታወቀው የክላሽ ጥይት ግን፣ መደበኛው ዓይነት፣ ውስጡ የብረት እምብርት አለው፤ ይሳባል። ስለዚህ "እርሳስ ነው" ከማለታችሁ በፊት የየትኛው መሳሪያ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልታወቀ ሲቲ ስካን ተመራጭ ነው። እሱም ችግር አያጣውም፤ ብረቱ ዙሪያውን ነጭ ጨረር እየረጨ ምስሉን ያበላሸዋል። ቢሆንም ሰው አይጎዳም።

አረብኛውን ያዙ፦ ፍንጣሪ "ሸዚያ" ነው፣ ጥይት "ረሳሳ"። "ፊ ሐዲድ ፊ ጂስመክ?" ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ ብዙ ሽማግሌ "ላ" ይላል፣ ብረት ማለት የተሰበረ አጥንት ላይ የሚገባው ብቻ ይመስለዋል። "ቆስለህ ታውቃለህ? የት? ምን መታህ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ጠባሳውንም ተመልከቱ።

ይህ ለአንባቢም ይጠቅማል። ከእኛ ውስጥም ወታደር የነበረ፣ ጦርነት መሃል የተመታ፣ በጉዞ ላይ ጥይት ያገኘው አለ። "ከነገርኩ ይጠረጥሩኛል" ብላችሁ አትደብቁ። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ብረቱ የት እንዳለ ነው፣ የማን ወገን እንደነበራችሁ አይደለም።

ሀበሻ ሐኪም የሚያውቀውና መልመድ ያለበት

ቆስሎ የመጣ ወታደር በየቀኑ አታዩም። ጡረተኛው የሚመጣው በስኳር፣ በጉልበት፣ በወገብ፣ በልብና በኩላሊት ነው። የስኳር በሽተኛ እግር ሲቆስል አጥንቱ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም የሚለውን መለየት የየዕለት እንጀራችሁ ይሆናል።

ወገብ ላይ ደግሞ ትልቅ ወጥመድ አለ። እኛ ከቲቢ አገር ነው የመጣነው፤ የተበላ አከርካሪ ስናይ አእምሯችን ቀድሞ ወደ ቲቢ ይሮጣል። ሳውዲ ላይ ያልፈላ የግመልና የፍየል ወተት ስለሚጠጣ ብሩሴላ አለ። ብሩሴላ ብዙ ጊዜ የታችኛውን ወገብ ይይዛል፣ የአጥንቱን ቅርጽም ብዙ አያፈርስም። ቲቢ ደግሞ ባብዛኛው ከፍ ብሎ ደረትና ወገብ የሚገናኙበት ላይ ነው፤ አጥንቱን ያፈርሳል፣ ጀርባን ያጎብጣል፣ ትልቅ መግልም ይይዛል። መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ የናንተ አንድ መስመር ሰውየው ለወራት ምን እንደሚውጥ ትወስናለች። "ወተት ትጠጣለህ?" ማለት አይክበዳችሁ።

የደረት ራጅ ላይም ጅዳ የራሷ ታሪክ አላት። ሜርስ የተባለው የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅዳ ሆስፒታል ከገባ በሽተኛ ነው፤ በ2014 ደግሞ እዚሁ ከተማ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ የጤና ሰራተኛ ይዟል። በሐጅ ሰሞን የሳል በሽተኛ ሲመጣ ጭምብሉን ቀድማችሁ አጥልቁ።

ወረቀቱ

ፈቃድ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው የሳውዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ነው፤ ሰው በአጭሩ "ሃይአ" ይለዋል። ማመልከቻው ሙማሪስ ፕላስ በሚባለው ሲስተም ይገባል፣ የትምህርትና የስራ ማስረጃው በዳታፍሎው በኩል በቀጥታ ከሰጪው ተቋም ይጣራል፣ ከዚያ የፕሮሜትሪክ ፈተና አለ።

ሐበሻን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ፈተናው አይደለም፤ ስም ነው። ዲግሪው ላይ የአባት ስም አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የተጻፈ፣ አያት የሌለበት፣ ፊደል የተዘለለበት። ይህን አገር ቤት ሳላችሁ አስተካክሉ። ሌላው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ከዳታፍሎው ለመጣ ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ መቅረቱ ነው፤ ያኔ ውጤቱ "ማረጋገጥ አልተቻለም" ተብሎ ይመጣል። ከማመልከታችሁ በፊት ሬጅስትራሩ ጋ በአካል ሂዱ ወይም ሰው ላኩ፣ ጥያቄ እንደሚመጣ ንገሩ፣ የሚመልሰውን ሰው ማንነት እወቁ።

ደረጃውን አትሳቱ። ሐኪሞች ከሬዚደንት ወደ ሲኒየር ሬጅስትራር ከዚያ ወደ ኮንሰልታንት ነው የሚወጡት፤ የት አገር ማስረጃና ስንት ዓመት ልምድ እንዳላችሁ ታይቶ አገር ቤት ከነበራችሁበት ዝቅ ልትሉ ትችላላችሁ። ደመወዙ የሚሰላው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ደረጃው ሳይታወቅ "ይሄን ያህል ሪያል" የሚላችሁን አትመኑ። "ስፔሻሊስት" የምትለዋ ቃል ደግሞ ታሳስታለች፤ ለራጅ ባለሙያ ስትሰጥ ዲግሪ ያለው ማለት እንጂ ስፔሻሊስት ሐኪም ማለት አይደለም። በዚህች ቃል የተጭበረበረ ውል አይጠፋም።

ሀሰተኛ ማስረጃ? በፍጹም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የጤና ሙያ ህግ ያለ ፈቃድ ለሚሰራ ወይም በሀሰት መረጃ ፈቃድ ለሚያወጣ እስከ 6 ወር እስርና እስከ 100,000 ሪያል ቅጣት ያስቀምጣል። (ቤቱን ክሊኒክ አድርጎ ወገኑን መርፌ የሚወጋም እዚሁ ህግ ውስጥ ነው ያለው።) ይኸው ህግ ሐኪም ሁሉ የሙያ ስህተት መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ መድኑን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ውሉ በሳውዲ የሰራተኛ ህግ ነው የሚተዳደረው ወይስ በሆስፒታሉ የራሱ ደንብ፣ ቀጣሪው ሆስፒታሉ ነው ወይስ የሰው ኃይል አቅራቢ ካምፓኒ? ይህን ሳትለዩ አትፈርሙ። በሰራተኛ ህጉ ከሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሙሉ ወር ደመወዝ ነው። በራሱ ደንብ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ስልካችሁ

አስገራሚ ምስል ሲገኝ ፎቶ አንስቶ የሙያ ጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ አገር ቤት የተለመደ ነው። እዚህ አይሞከርም። ግቢው የወታደር ነው፣ በሽተኛው ወታደር ነው፣ ምስሉ ጥግ ላይ ስሙ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ህግ በካሜራ ስልክ የሰውን ግላዊነት ለጣሰ እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ይቀጣል። ምክር መጠየቅ ካስፈለገ ከአፍ ወደ አፍ፣ ያለ ምስል።

ጨረሩ

በጨረር ስራ ላይ ላለ ሰው ዓለም አቀፉ ወሰን በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በአንድ ዓመት ብቻ ከ50 ማለፍ የለበትም። ለማነጻጸር፣ አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም፣ የሆድ ሲቲ ወደ 10 ይጠጋል። ደረታችሁ ላይ የምትለጠፈው የጨረር መለኪያ ባጅ የምትጠቅመው ካደረጋችኋት ብቻ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ የምትተዋት እህት ብዙ ናት። ንባቧን በየጊዜው ጠይቃችሁ ቅጂ ያዙ። ካረገዛችሁ ወዲያው አሳውቁ፤ ለጽንሱ የተቀመጠው ወሰን በቀሪው የእርግዝና ጊዜ 1 ሚሊሲቨርት ነው፣ ቦታ እንዲቀየርላችሁም ጠይቁ።

ለታካሚም እንዲሁ፦ እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ራጅ ከመነሳታችሁ በፊት "አነ ሓሚል" በሉ። ቲቢ ታክማችሁ የዳናችሁ ደግሞ የድሮ ጠባሳ እንኳ በመግቢያ ምርመራው ላይ "አንፊት" ሊያሰኝ እንደሚችል እወቁና፣ ለደላላ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አገር ቤት ደረታችሁን ተነሱ።