ክሮንስ፦ የአንጀት ኦፕራሲዮን ከመወሰንዎ በፊት

ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ያለውን የምግብ መተላለፊያ ሊያቆስል የሚችል፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው የትንሹን አንጀት መጨረሻ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሐኪም «አንጀትዎ ተቆርጦ መውጣት አለበት» ካለዎት፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «አሁኑኑ ነው ወይስ ጊዜ አለኝ?» የሚለው ነው።

ጊዜ የማይሰጠው

ሆድ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ወይም ኃይለኛ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ አንጀቱ ተዘግቶ ወይም ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ወይም ቅርብዎ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «ወረቀቴ አልታደሰም» ብለው ቤት አይቅሩ። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ማንም ሰው ድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ይደነግጋል።

ጊዜ ካለ

በመጀመሪያ ቲቢ አለመሆኑ ይጣራ። የአንጀት ቲቢ ከክሮንስ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው የክሮንስ መድኃኒትም ተደብቆ የቆየ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ኦፕራሲዮን ሁልጊዜ የመጨረሻ አማራጭ አይደለም። የታመመው የትንሹ አንጀት መጨረሻ አጭር ከሆነ፣ ቆርጦ ማውጣት በየጊዜው ከሚወሰደው ኢንፍሊክሲማብ ጋር የሚወዳደር ውጤት እንዳለው በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ነገር ግን ሕመሙን ከሥሩ አይነቅለውም፤ ብዙ ጊዜ አንጀቱ በተጋጠመበት አካባቢ ይመለሳል። ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ይህን ያባብሳል።

ሐኪሙን ይጠይቁ

- ምን ያህል አንጀት ይቆረጣል? በሆዴ ላይ የሰገራ መውጫና ከረጢት ይደረግልኛል? ለጊዜው ነው ወይስ ለዘለቄታው?
- ፕሬድኒሶሎን እየወሰድኩ ነው፤ እንዴት ልቀንስ? (በራስዎ በድንገት አያቁሙ።)
- ከዚያ በኋላ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ያስፈልገኛል?
- ክብደቴ ቀንሷል፤ መጀመሪያ ልጠንክር? ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ገንዘብና ወረቀት

ኤንኤችአይኤፍ በጥቅምት 2024 በኤስኤችኤ ተተክቷል። የስደተኛ መታወቂያዎን ይዘው ምን እንደሚሸፈንልዎ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት የሆስፒታሉን ቢሮ ይጠይቁ። እንግሊዝኛው ወይም ስዋሂሊው ካስቸገረዎት፣ የሚያምኑትን አስተርጓሚ ሳይዙ የስምምነት ቅጹን አይፈርሙ።

የሦስተኛ አገር ሂደት ላይ ያላችሁም «እዚያ ስደርስ እታከማለሁ» ብላችሁ ብቻ አታዘግዩት፤ ቀኑ አይታወቅም። የኦፕራሲዮኑን ሪፖርትና የናሙናውን ውጤት ኮፒ አስቀምጡ። ቀጣዩ ሐኪም፣ የትም አገር ይሁን፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።