ልብን በጀርባው የተሸከመ ሰው

የአባቴ ልብ ሌሊት ሌሊት ይደልቅ ነበር። ጎህ ሲቀድ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ግን ይረጋጋል፤ መሣሪያው ደረቱ ላይ ተለጥፎ ጥቂት ይጽፍና «ደህና ነዎት» ተብሎ ይመለሳል። ሕመሙ ነጭ ጋዎን የሚፈራ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ስትሮክ ጣለው። ሥርዓቱን የሳተ የልብ ምት ደም እንዲረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ አንጎል እንዲሄድ ሊያደርግ እንደሚችል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ድብብቆሽ ከእኛ አስቀድሞ ያሳሰበው ሰው በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት፣ ሄለና በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። ኖርማን ሆልተር ይባላል፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም። አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚለካ ልብ የሚመሰክረው ስለዚያች አፍታ ብቻ ነው፤ ሰው ደረጃ ሲወጣ፣ ሲቆጣ፣ ሲተኛ ልቡ ምን እንደሚሆን ማን ይናገራል? እ.ኤ.አ. በ1947 ሆልተር የልብን ምት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቶ በገዛ ጀርባው ተሸከመው። ክብደቱ 38 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር! አንድ ሰው የልቡን ወሬ ለመስማት ይህን ያህል መሸከሙ ዛሬም ያስገርመኛል። ኋላ ትራንዚስተር ዕቃውን አሳነሰለት፤ ሰው ሥራውን እየሠራ ምቱ በቴፕ የሚቀዳበትን ዘዴም በ1961 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አስታወቀ። ሐኪሞች እስከ ዛሬ መሣሪያውን «ሆልተር» ብለው በስሙ ይጠሩታል። ይህ መሣሪያ ግን በሐኪም ትእዛዝ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይታሰራል፤ ይመለሳል፤ የሚያነበውም ሐኪሙ ነው።

ሰው ራሱን በራሱ የሚለካበት ልማድ በሌላ በር ገባ፤ በገበያ በኩል። በ1965 በጃፓን «ማንፖ ኬ» የተባለ እርምጃ ቆጣሪ ለሽያጭ ቀረበ፤ ስሙ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ማለት ነው። ዛሬ በየሰው የእጅ ሰዓት ላይ እንደ ሕግ የተቀመጠው ቁጥር መነሻው ይኸው የንግድ ስም ነው። በ2019 የታተመ፣ በዕድሜ በገፉ 16,741 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሞት ጋር በተያያዘ የእርምጃ ጥቅም 7,500 አካባቢ መጨመሩን እንደሚያቆም አሳየ። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር አከብራለሁ፤ ያለ ደረሰኝ የመጣ ቁጥር ግን ያሳስበኛል።

በዚያው ዓመት የአፕል ሰዓት የተፈተሸበት ጥናት ውጤት ወጣ። ከ419,297 ተሳታፊዎች መካከል «ምትህ ተዛብቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 2,161 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም ደረት ላይ የሚለጠፈውን መመርመሪያ አድርገው ከመለሱት 450 ሰዎች መካከል መዛባቱ የታየው በ34 ከመቶው ነው። የቀሩት በከንቱ ደነገጡ ለማለት አልደፍርም፤ መመርመሪያው የተለጠፈው ከቀናት በኋላ ነው፤ ልብ ደግሞ እንደ አባቴ ልብ ይደበቃል።

እህቴ ከውጭ የላከችልኝ እንዲህ ያለ ሰዓት እጄ ላይ አለ። ሌሊት እነቃና አየዋለሁ፤ ሳየው ምቴ ይፈጥናል፤ ፈጥኖ ሳየው ደግሞ ይብስበታል። ባለቤቴ አውልቀው ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ዳሩ ግን አባቴ ሐኪሙ ፊት ተቀምጦ፣ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ «እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፣ እንዲህ» ሲል አይቼዋለሁ።