የመታጠቢያ ቤት ውሃ ግፊት ማነስና የሙቀት መዋዠቅ፦ መንስኤዎችና መፍትሔዎች

በከተሞች የሚገኙ በርካታ መኖሪያ ቤቶች የመስመር ውሃን በታንከር አጠራቅመው በፓምፕ እየገፉ ለመታጠቢያ ቤት ያደርሳሉ። በዚህ አሠራር ሁለት ችግሮች ተደጋግመው ይታያሉ፦ ከሻወሩ የሚወርደው ውሃ መሳሳትና ሰው በመታጠብ ላይ ሳለ ውሃው በድንገት መፋጀቱ ወይም መቀዝቀዙ። ብዙ ተጠቃሚዎች በቅድሚያ የሚወስዱት እርምጃ ከፍ ያለ ጉልበት ያለው ፓምፕ መግዛት ነው። ይሁን እንጂ የችግሩ ምንጭ ብዙ ጊዜ የፓምፑ አቅም ሳይሆን የመስመር መዘጋት ወይም በሙቅና በቀዝቃዛው መስመር መካከል ያለ የግፊት አለመመጣጠን ነው። ይህ መረጃ ተጠቃሚዎች ወጪ ከማውጣታቸው በፊት የችግሩን ምንጭ ለይተው እንዲያውቁ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

ቅድመ ጥንቃቄ

ቦይለር፣ ፓምፕ ወይም ማንኛውም የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ከመነካቱ በፊት ኃይሉ ከብሬከሩ መቋረጥ አለበት። በማብሪያ ማጥፊያው ማጥፋት ብቻውን በቂ አይደለም። ውሃ ሲነካ የመንዘር ስሜት ካለ፣ ስሜቱ ቀላል ቢሆንም እንኳ መታጠቡ ወዲያውኑ ተቋርጦ፣ እጅ ከደረቀ በኋላ ብሬከሩ ሊጠፋና መሣሪያው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይመረመር ዳግም ሊከፈት አይገባም።

ችግሩ የት እንዳለ መለየት

የሚያስፈልገው 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲና ሰዓት ብቻ ነው።

1. የሻወሩ ራስ ተፈቶ ይውጣ። ቀዝቃዛው ብቻ ተከፍቶ ባልዲው እስኪሞላ ያለው ጊዜ ይመዝገብ።
2. በተመሳሳይ ሁኔታ ሙቁ ብቻ ተከፍቶ ይለካ። ውሃው ሊያቃጥል ስለሚችል እጅን ማራቅ ያስፈልጋል።
3. የሻወሩ ራስ ተመልሶ ይገጠምና ልኬቱ ይደገም።

ባልዲው በ1 ደቂቃ ከሞላ ፍሰቱ በደቂቃ 10 ሊትር ነው፤ ይህም ለሻወር በቂ ነው። ውጤቱ እንደሚከተለው ይነበባል፦

• ራሱ ሲፈታ ፍሰቱ ጥሩ ሆኖ ሲገጠም ከቀነሰ፣ የተዘጋው የሻወሩ ራስ ነው።
• ቀዝቃዛው ጥሩ ሆኖ ሙቁ ብቻ ከሳሳ፣ ችግሩ ከቦይለሩ ወይም ከሙቅ ውሃ መስመሩ ነው።
• ሁለቱም ከሳሱ፣ ችግሩ ከታንከሩ፣ ከፓምፑ ወይም ከዋናው መስመር ነው።

የግፊት ማነስ መንስኤዎች

የሻወር ራስ መዘጋት፦ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት ሊይዝ ስለሚችል ሲሞቅና ሲደርቅ ነጭ ጠጣር ክምችት ይተዋል። የሻወሩን ራስ በአቼቶ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፎ በብሩሽ ማጽዳት አብዛኛውን ክምችት ያስወግዳል።

የቦይለር መስመር፦ በቦይለሩ የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያ ላይ የተገጠመው ሴፍቲ ቫልቭ በደለል ሊደፈን ወይም ከሱ በፊት ያለው መዝጊያ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ሴፍቲ ቫልቩ ከተበላሸ በአዲስ ይተካል እንጂ በፍጹም ተነቅሎ በተራ ቧንቧ መቀጠል የለበትም። በቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሞቅ ስለሚስፋፋ፣ ከልክ ያለፈውን ግፊት የሚያስተነፍሰው ይህ ቫልቭ ነው።

የታንከር ከፍታ፦ የውሃ ግፊት በየ10 ሜትር ከፍታ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ በ2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ያለ ፓምፕ የሚገኘው ግፊት ከ0.2 ባር አይበልጥም። እንዲህ ባለ ቤት ፓምፕ መግጠም ተገቢ መፍትሔ ነው።

የፓምፑ የመሳብ አቅም፦ ፓምፑ ከመሬት በታች ካለ ታንከር የሚስብ ከሆነ የቦታው ከፍታ ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። የአየር ግፊት በከፍተኛ ቦታዎች ዝቅተኛ በመሆኑ፣ በባሕር ወለል ላይ እስከ 10 ሜትር ገደማ የሚደርሰው የመሳቢያ የንድፈ ሐሳብ ወሰን አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ከተማ ወደ 8 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በተግባር የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለሆነም ለባሕር ወለል ተሰልቶ በፓምፑ መመሪያ ላይ የሰፈረውን ጥልቀት እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ፓምፑን በተቻለ መጠን ወደ ታንከሩ የውሃ ወለል ማቅረብ ይመረጣል።

አየር ማስገባት፦ ውሃው እየተንተፋተፈ የሚወርድ ከሆነ በመሳቢያው መስመር መጋጠሚያዎች አየር ይገባል፣ ወይም ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመሳቢያው አፍ በታች ወርዷል ማለት ነው። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሽከረከር በአጭር ጊዜ ስለሚበላሽ ሳይዘገይ ማጥፋት ያስፈልጋል።

የሙቀት መዋዠቅ መንስኤዎች

የግፊት አለመመጣጠን፦ ዋነኛው መንስኤ ይህ ነው። በአንዳንድ ቤቶች ቀዝቃዛው ውሃ በቀጥታ ከከተማው መስመር ወይም ከፓምፑ ሲመጣ፣ ቦይለሩ ደግሞ ከጣሪያ ታንከር በራሱ ክብደት በሚወርድ ውሃ ይሞላል። ጉልበት ያለው ቀዝቃዛ ውሃ በሚክሰሩ ውስጥ ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የከተማው መስመር ግፊት በቀኑ ሰዓት ስለሚለያይ፣ ጠዋት የተስተካከለው ሙቀት ማታ ይለወጣል። በእንዲህ ዓይነቱ ቤት ትልቅ ፓምፕ በቀዝቃዛው መስመር ላይ መጨመር ችግሩን ያባብሰዋል። መፍትሔው ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ታንከርና ከአንድ ፓምፕ እንዲነሡ ማድረግና ወደ ሚክሰሩ በሚገቡት መስመሮች ላይ ቼክ ቫልቭ መግጠም ነው።

የፓምፑ ቶሎ ቶሎ መነሣትና መቆም፦ ሻወሩ ክፍት ሳለ ፓምፑ በየጥቂት ሰከንዱ የሚነሣና የሚቆም ከሆነ፣ ከፓምፑ ጋር የተያያዘው የግፊት ታንክ አየሩን አጥቷል ወይም በውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል። ፓምፑ ከኃይል ተለያይቶ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ በመኪና ጎማ አየር መለኪያ ሲለካ፣ የአየሩ ግፊት ፓምፑ ከሚነሣበት ግፊት በ0.2 ባር ገደማ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከአየር መሙያው ውሃ ከወጣ ጎማው መለወጥ ይኖርበታል።

በአንድ ጊዜ የሚከፈቱ ቧንቧዎች፦ መጸዳጃ ቤት ውሃ ሲለቀቅ ሻወሩ የሚፋጅ ከሆነ፣ ቀዝቃዛው መስመር በጠባብ ቧንቧ ተከፋፍሏል ማለት ነው። ለሻወሩ ከዋናው መስመር የራሱን ቅርንጫፍ ማውጣት ወይም ግፊቱ ሲለወጥ ሙቀቱን ራሱ የሚያስተካክል ሚክሰር መግጠም ይቻላል።

ያለ ማጠራቀሚያ የሚሠሩ ማሞቂያዎች፦ እነዚህ መሣሪያዎች ፍሰቱ ከተወሰነ መጠን ሲያንስ በራሳቸው ስለሚጠፉ፣ የፓምፑ መዋዠቅ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ውሃ ያስከትላል። ፍሰቱ ሲበዛ ደግሞ ውሃው በበቂ አይሞቅም። 5 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በደቂቃ 5 ሊትር ሲያልፍበት ሙቀቱን በ14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይጨምራል፤ ፍሰቱ ወደ 3 ሊትር ሲቀንስ ጭማሪው 24 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅም የራሱ ድርሻ አለው፤ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ማሞቂያው የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሙቀቱ በምሽት ብቻ የሚቀንስ ከሆነ፣ መሣሪያውን ከመለወጥ በፊት ቮልቴጁን ማስለካት ይገባል።

ሊደረጉ የማይገባቸው ተግባራት

ፓምፕን በቀጥታ ከከተማው መስመር ጋር ማገናኘት ተገቢ አይደለም። የጎረቤትን ውሃ ከማሳነሱም በላይ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከአካባቢው በታች ሲወርድ፣ በስንጥቆች በኩል የተበከለ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ጉዳቱም ፓምፑን በገጠመው ቤት ላይ ብቻ አይወሰንም። ፓምፑ መሳብ ያለበት ከተጠራቀመ ውሃ ነው።

የቦይለርን ሙቀት ከልክ በላይ ማሳደግ የሙቀት መዋዠቅን አይፈታም። ጀርሞች እንዳይራቡ ውሃውን በ60 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ተገቢ ቢሆንም፣ በዚህ ሙቀት ያለ ውሃ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። የሕፃናትና የአረጋውያን ቆዳ ስስ በመሆኑ አደጋው ለእነሱ የበለጠ ነው። ሙቀቱ በሚዋዥቅበት ቤት ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ሕፃናትን በባልዲ በተዘጋጀና በክንድ በተፈተሸ ውሃ ማጠብ ይመከራል።

ባለሙያ የሚያስፈልግበት ጊዜ

የሻወር ራስን ማጽዳት፣ መዝጊያዎችን መፈተሽና ፍሰትን መለካት በተጠቃሚው ሊከናወኑ ይችላሉ። መስመር ማዛወር ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ሥራ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ሊተው ይገባል። ባለሙያው ቦይለሩና ፓምፑ በተለምዶ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በትክክል የተገጠመላቸው መሆኑን እንዲያረጋግጥ፣ እንዲሁም ኃይል ወደ መሬት ሲሾልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጥ ብሬከር እንዲገጥም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ተጠቃሚዎች ባለሙያ ሲጠሩ የባልዲ ፍተሻውን ውጤትና ችግሩ የሚከሰትበትን ሰዓት መዝግበው ቢያቀርቡ፣ የጥገናው ጊዜ ያጥራል፤ አላስፈላጊ ዕቃ ከመግዛትም ይድናሉ።