የጤና ሙያ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የጤና ሙያ የሚባለው በቀበሌ ጤና ኬላ ከምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንሥቶ ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ሕክምና እስከሚሠራው ሐኪም ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ ያጠቃልላል። ነርሱ፣ አዋላጇ፣ ጤና መኮንኑ፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያው፣ ሰመመን ሰጪው፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያው በዚሁ ውስጥ ናቸው። ትምህርቱ የበረታ የመንዝ ወይም የመርሐ ቤቴ ልጅ ግን ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ዶክተር» ብሎ ነው። ምኞቱ የሚደነቅ ነው፤ ጉዳቱ ሌሎቹን በሮች መሸፈኑ ነው። አገሩ ደግሞ አብዝቶ የሚፈልገው በእነዚያ በሮች የሚገቡትን ነው።

ለምን እንደሚፈልጋቸው መሬቱ ራሱ ይናገራል። መንዝና ግሼ ገብስ የሚዘራበትና በግ የሚረባበት ብርዳም ደጋ ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ቤት ተዘግቶ ኩበት በሚጨስበት አገር የሕፃናት ሳንባ ምችና የአዋቂ ሳል ይበረታሉ። ብርዱ ልብስ ሲያስደራርብ፣ ውኃው ሲርቅ፣ በቅማል የሚተላለፉት ታይፈስና ግርሻ መንገድ ያገኛሉ። መርሐ ቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች ስለተከበበ ደጋውና ቆላው ይገናኙበታል። ወባ ቆላውን ይይዛል፤ ስለዚህ ዓለም ከተማ ላይ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሰው የሚቀርበው ቀዳሚ ጥያቄ ከወዴት እንደመጣና ሰሞኑን የት እንዳደረ ነው። ትራኮማም አለ፤ የዐማራ ክልል በሽታው በአገሪቱ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን ሲወጋ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ በአብዛኛው የሚሠሩት ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶችና ሌሎች የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎች ናቸው። ዓይነ ስውርነትን የሚከላከል እጅ እንግዲህ የግድ የስፔሻሊስት እጅ አይደለም።

ገደሉና ርቀቱም የራሳቸውን ድርሻ ይይዛሉ። ምጥ የጸናባት እናት በቃሬዛ ተሸክመዋት አስፋልት ወይም ጠጠር መንገድ እስኪደርሱ ሰዓታት ያልፋሉ። ጤና ጣቢያዎች ከወሊድ በፊት ቀድመው የሚቀበሉባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶች የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ነው። ማቆያ ቤት ግን አዋላጅ ከሌለበት ከማደሪያነት አያልፍም።

ዘመናዊው የጤና ሙያ ለገጠሩ ሕዝብ በሰፊው መዘጋጀት የጀመረው በጎንደር ነው። በ1940ዎቹ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ሐኪም እስኪበቃ ድረስ ገጠሩ ያለ ባለሙያ አይቆይም የሚለው ያ አሳብ እስከ ዛሬ የአገሪቱን የጤና ሥርዓት ይመራል፤ በእኔ ግምት ኢትዮጵያ በጤናው መስክ ካፈለቀቻቸው አሳቦች የሚበልጠው እርሱ ነው።

የዚሁ አሳብ ታላቅ ልጅ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች ከሚኖሩበት አካባቢ ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ሥራቸውም በ16 ፓኬጆች ተዘረዘረ። ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእናቶች ክትትል፣ የወባ መከላከል ከእነዚህ ይገኛሉ። በመላ አገሪቱ ከ30,000 በላይ ሴቶች በዚህ መንገድ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነዋል። ለደጋው የገበሬ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ያደገችበትን ቀበሌ ሳትለቅ ደመወዝተኛና ምክሯ የሚሰማ ሰው የምትሆንበት መንገድ ነበር። በኋላ ብዙዎቹ ወደ ደረጃ 4 ተሻሽለዋል፤ ከዚያም አልፈው ነርስና ጤና መኮንን የሆኑ አሉ።

ከጤና ኬላው በላይ ያለው እርከን በሕዝብ ብዛት የተለካ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ታቅዷል። በመንዝ መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ። በዓለም ከተማ ያለው እናት ሆስፒታል የተገነባው ካርልሄንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ነው። ከዚያ የከበደ ሕመምተኛ ወደ ደብረ ብርሃን ይላካል።

ሥልጠናውም በአብዛኛው ደብረ ብርሃን ነው። የደብረ ብርሃን ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያዎችን ያወጣል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሕክምናን ጨምሮ በጤና ሳይንስ ዲግሪ የሚያስተምርበትን ካምፓስ በፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስ ስም ሰይሟል። ፕሮፌሰር ዐሥራት በኤድንብራ ሕክምና የተማሩ፣ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ምሥረታ ውስጥ የነበሩ ታላቅ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ በ1991 ዓ.ም. አርፈዋል። ከመንዝ የሚመጣ ተማሪ በስማቸው በተሰየመ ግቢ መማሩ ሙያው ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ያስታውሰዋል።

በመካከለኛው እርከን አንድ በር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥራ ልምድ ያላቸው ጤና መኮንኖች በሁለተኛ ዲግሪ ሦስት ዓመት ሠልጥነው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይሆናሉ። የማሕፀንና የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት በሌለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እናትን በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ሌላው በር የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን መልምሎ አስተምሮ ወደየመጡበት ክልል ይመልሳል።

ዝግጅቱ ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚወድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሳይንሱ ሳይሆን በቋንቋው ነው። የጤና ሙያ የሚሻ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ አለበት፤ ሒሳብና ፊዚክስን የተወ ሰው በሩን በገዛ እጁ ዘግቷል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ወንፊቱ ጠቧል፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2016ቱ 5.4 በመቶ ነበሩ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረም ቀድሞ ከ10ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ጤና ኮሌጅ የሚወስደው አቋራጭ ዛሬ የለም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው በከተማ ስለሆነ የገጠሩ ተማሪ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በሶና ቆሎ ከቤት እየተሰነቀለት ይማራል። ቤተሰብ በግ ሸጦ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ለሴት ልጅ ከኪራዩ በላይ የሚያሳስበው ደኅንነቷ ነው፤ ትምህርቷን ከሚያስጥሏት ምክንያቶች ያለዕድሜ ጋብቻና በየኪራይ ቤቱ የሚገጥማት ጥቃት ይገኛሉ። በ2014 ዓ.ም. እስከ ሰሜን ሸዋ የዘለቀው ጦርነት፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ ብዙ ተማሪዎችም ለፈተና ሳይቀመጡ ቀርተዋል። ይህ የወደፊቱን አዋላጅና ጤና መኮንን ከዛሬው ክፍል እየወሰደ ያለ ጉዳት ነው።

ከውጤት ሌላ የሚፈለግም አለ። ሌሊት ዱቲ የሚያድር፣ ደም የማያስደነግጠው፣ የሕመምተኛን ምሥጢር ጠጅ ቤት የማያወጣ ሰው መሆን ያስፈልጋል። ጎረቤት ሁሉ በሚተዋወቅበት ወረዳ ምሥጢር መጠበቅ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ይከብዳል። ወደ ሙያው የሚገባ ሁሉ የተግባር ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የጉበት በሽታ ቢ ክትባት ሊወስድ ይገባል፤ በመርፌ መወጋት በተማሪነት ዘመን ጭምር የሚያጋጥም አደጋ ነው። ሙያውን አስቀድሞ ለማየት ደግሞ ጤና ኬላ ወርዶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቤት ለቤት ስትዞር አስፈቅዶ መከተልን የመሰለ መንገድ የለም።

ተመርቆ መውጣት ሥራ መያዝ ማለት እንዳልሆነም ተማሪው ከወዲሁ ይወቅ። የዲግሪ ተመራቂ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለበት፤ የሙያ ፈቃድ ለማግኘትም በጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የብቃት ምዘና ያልፋል። ቀድሞ ሐኪሞች በዕጣ ይመደቡ ነበር፤ ዛሬ ግን ማስታወቂያ አይተው የሚወዳደሩ፣ ሥራ የሚጠብቁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች አሉ። ደመወዙም ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፤ ባለሙያዎች በ2011ም በ2017ም ዓ.ም. ይህንኑ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ጥያቄያቸውም የሚገባ ነው። ጤና ጣቢያው ሰው ሲያጣ ተመራቂው ሥራ ማጣቱ የበጀት እንጂ የሰው እጥረት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2021 ባደሰው መመሪያ፣ የገጠር ተወላጆች ለጤና ትምህርት ቅድሚያ እንዲያገኙ ይመክራል፤ ተመርቀው በገጠር የመሥራት ዕድላቸው ከከተማ ልጆች ይበልጣልና። ስለዚህ የወረዳ አስተዳደሮችና በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ለጤና ሙያ ገንዘብ ሊያወጡ ቢያስቡ፣ ከሕንፃው አስቀድመው ለሴት ተማሪዎች ማደሪያና ለ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛና የሒሳብ መምህር ያውጡት።